የአዴ ሃሊማ የቴሌቪዥን ልብስ

ከአሰበ ተፈሪ የወጣሁት በጫት አይሱዙ ነው። ሳቁ ግዴለም፣ እኔም አሁን አሁን እስቃለሁ። ለውጭ አገር ተብሎ የተገዛው አዲሱ ሻንጣዬ ከኋላ በጫት እስር መሃል ተቀብሯል፣ እኔ ጋቢና ውስጥ ጉልበቴን አቅፌ ተቀምጫለሁ። በማግስቱ በአውቶቡስ ነበር የምሄደው፤ ግን «በረራሽ ቀድሟል፣ ነገ ረፋድ ላይ ነው» ብለው የደወሉልኝ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ስለነበር፣ በዚያ ሰዓት ከጭሮ፣ ከአሰበ ተፈሪ ማለቴ ነው፣ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚያደርሰኝ ከጫት መኪና ሌላ ምን ይገኛል?

ሚሊኒየሙን ባከበርን በዓመቱ ነው። ደጃችን ላይ ሰፈሩ በሙሉ ቆሟል፣ እናቴ ታለቅሳለች፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ደግሞ ሻንጣዬ ላይ እጃቸውን ጭነው መጸለይ ጀምረዋል። ከኖኅ መርከብ ተነስተው ዮናስ ጋ ሲደርሱ ሾፌሩ መሐመድ ክላክሱን ነፋ።

«አቦ ጫቱ ይጠወልጋል! አላህ መንገድ ላይም ይሰማል እኮ!»

ሽማግሌው ሳይቀየሙ ዮናስን ከዓሣው ሆድ ሳያወጡት «አሜን» ብለው ዘጉ። ያኔ ነው አዴ ሃሊማ ሰውን በክርናቸው እየገፉ የደረሱት።

አዴ ሃሊማ የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው፤ «አዴ» በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። ገበያ ዳር ጥላ ሥር ተቀምጠው ጫት ይሸጣሉ፤ ገዢ ከሌለ ኪሮሽና ክር ከእጃቸው አይለይም። እኔም ዳንቴል የተማርኩት ከእሳቸው ጎን ተቀምጬ ነው። በሰፈራችን የመጀመሪያዋ ቴሌቪዥን የእሳቸው ነበረች፣ የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ልብስም የእሳቸው። ወጣቶቹ ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ያኔ ቴሌቪዥን እንደ ሣጥን ወፍራም ነበር፣ ራቁቱን ማስቀመጥም ነውር ነበር። የአዴ ሃሊማ ዳንቴል ከላይ ጣሪያውን አልብሶ በሁለቱም ጎን ረዘም ብሎ ይወርዳል፣ ከፊት ደግሞ በሦስት ማዕዘን ተንጠልጥሎ መስታወቱን ይሸፍናል። ዳር ዳሩን ያጎነበሱ የማሽላ ራሶች ከበውታል። በቀኝ በኩል አንዲት ቀዳዳ አለችው፤ የአንቴናው ሽቦ የሚወጣባት። እኛ የሰፈር ልጆች ዜና ይሁን ድራማ ግድ አልነበረንም፤ አዴ ሃሊማ የዳንቴሉን ጫፍ ይዘው ወደ ላይ እስኪገልቡት ድረስ ትንፋሻችንን ይዘን ነበር የምንጠብቀው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፣ ታሪኩ ሁሉ በሱ ላይ ነውና። በእኛ ሰፈር ዳንቴል በወረቀት አይማሩትም። የወደዱትን ናሙና ከጎረቤት ይዋሳሉ፣ እያዩ ይሠራሉ፣ ይመልሳሉ። ስትሠሪ ግን አንድ ነገር መቀየር አለብሽ፣ እንደ ዝንጀሮ መኮረጅ አያስከብርም። ናሙናውም እንደ ጎረቤት ሰሃን ባዶውን አይመለስም። ጀማሪ ከሆንሽ አንድ ድውር ክር ትጨምሪበታለሽ፣ እጅሽ ከተፈታ ግን ያንኑ ቀይረሽ የሠራሽውን አብረሽ ይዘሽ ትሄጃለሽ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ክር ስመልስ ነው የኖርኩት።

አዴ ሃሊማ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር በጋቢናው መስኮት አቀበሉኝ። ገለጥ ሳደርገው የማሽላው ራስ ብቅ አለ።

«አዴ! ቴሌቪዥንዎ ራቁቱን ቀረ እኮ!»

«ይብረደው። ስሚኝ ታደለች፣ ይሄ ስጦታ እንዳይመስልሽ። ስጦታ የተቀበለ ሰው ሄዶ ይቀራል። ውሰት የያዘ ግን ይመለሳል። ውሰት ነው የሰጠሁሽ።»

«እመልሳለሁ አዴ።»

«ክር ይዘሽ እንዳትመጪ ደግሞ! የራስሽን ሥራ ነው።»

መሐመድ ሞተሩን አስነሳ፤ ሌላ ቃል ሳልጨምር አስፋልቱ ላይ ወጣን። ሚኤሶ ስንደርስ የቆላው ሙቀት በመስኮት ገባ፣ መንገዱ ዳር የተደረደሩት ከባድ መኪኖች ሥር ሰዎች ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጣሉ፣ እኔ ፌስታሉን ደረቴ ላይ ይዤ አለቅሳለሁ። መሐመድ የሱን ሙዝ ልጦ ሰጠኝ።

ኖርዌይ፣ ኦስሎ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለኝ፣ እሱ ጋ ብዬ የሄድኩት ባለቤቴ ሳይሆን ውሻ ነው። ሻንጣዎች እየዞሩ በሚወጡበት ቦታ አንድ ጥቁር ውሻ ሻንጣዬን አሸተተና አጠገቡ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። ለካ እዚያ አገር ጫት ክልክል ነው፣ ውሻውም የሚያውቀው እሱን ነው። የጉምሩኩ ሰውዬ ሻንጣዬን አስከፈተ፣ ጎረጎረ፣ ፌስታሉን አገኘ። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ እንዲህ ተነጋገርን።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ልብስ።»

«የማን?»

«የቴሌቪዥን።»

ባልደረባውን ዞር ብሎ አየው። «ቴሌቪዥኑስ የት አለ?»

«አሰበ ተፈሪ።»

«ታዲያ ልብሱ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ተውሼው ነው። እመልሰዋለሁ።»

ዳንቴሉን ወደ መብራቱ አንስቶ አየው፣ በአንቴናዋ ቀዳዳ ጣቱን አስገብቶ አወጣ፣ አሸተተ። ውሻውም ደግሞ አሸተተ። ከሽታ በቀር የተገኘ ነገር ስላልነበረ ለቀቁኝ፤ ሰውዬው ግን ከበሩ እስክወጣ ድረስ በዓይኑ ሸኝቶኛል።

ባለቤቴ ጌታቸው የቡና አገሯ የመቻራ ልጅ ነው፤ እኔ ከመምጣቴ በፊት ነበር በስደት የገባው። ዓሣ ፋብሪካ ይሠራል፣ በርገን የምትባል ከተማ የአንዲት አሮጊት ቤት ምድር ቤቱን ተከራይቷል። የበርገን ዝናብ እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ! እኛ አገር ዝናብ ከተራራው ላይ መምጣቱ ይታያል፣ ይወርዳል፣ ይሄዳል፤ ሰው በረንዳ ሥር ተጠልሎ የማያውቀውን ሰው ሲያጫውት ያባራል። እዚህ አባራለሁ ብላችሁ በረንዳ ሥር ከቆማችሁ እዚያው ነው የምታረጁት። ጨዋታውም የለም፤ አውቶቡስ መጠበቂያ ላይ አንዱ ካንዱ በሬ የሚያሳልፍ ክፍተት ትቶ ነው የሚቆመው። ብሩኖስት የሚሉት አይብ አላቸው፣ መልኩ የልብስ ሳሙና፣ ጣዕሙ ስኳር የገባበት የነፈረ ወተት። መጀመሪያ ተፋሁት፣ አሁን ካጣሁት እነጫነጫለሁ።

አከራያችን ኢንገር ይባላሉ። «አንቺ በይኝ፣ እዚህ አገር ንጉሡም አንተ ነው የሚባለው» ይሉኛል፤ ሽበታቸውን እያየሁ እንዴት አድርጌ? አንድ ቀን ደረጃውን ወርደው በሬን አንኳኩ።

«ትናንት ምን ስታበስዪ ነው የዋልሽው?»

«ሽንኩርት።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ወጥ ነው። ሽንኩርቱ ካልበሰለ ወጥ አይባልም።»

«መጋረጃዬ፣ ሶፋዬ፣ ካፖርቴ፣ ሁሉም ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።»

ልባረር ነው አልኩ በልቤ። «መጋረጃውን ልጠብልዎት?»

«ምን መጋረጃ ታጥቢያለሽ! ይኸን ሁሉ ጊዜ እያሸተትኩ አንድ ቀን እንኳ አላቀመስሽኝም ለማለት ነው የመጣሁት።»

ከዚያ ወዲያ ሰሃን ወጣ፣ ሰሃን ወረደ። እሳቸው ቤት ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ቴሌቪዥናቸው ራቁቱን መሆኑን ነው። ስስ ናት፣ እንደ መስታወት የቆመች። አንጀቴን በላችው። ብርዱ ከገባ ጀምሮ የአዴ ሃሊማን ናሙና ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ እሱኑ አስመስዬ በነጭ የጥጥ ክር ሠራሁና ለገና ይዤላቸው ወጣሁ።

«የቴሌቪዥንዎ ልብስ ነው» አልኩ በኩራት። ከላይ ሳለብሳት ሸርተት ብሎ ወደቀ። እንደገና ሳደርገው ወደ ኋላ ወደቀ። ለካ ልብሱ የተቀመጠው በወፍራሙ ጀርባ ላይ ነበር፣ የዚህች ቴሌቪዥን ጀርባ ደግሞ የጣት ስፋት የለውም። ኢንገር እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔ ላብ አጠመቀኝ። ስቀው ሲበቃቸው ዳንቴሉን ከወለሉ አንስተው፣ ቤቱ ይቀዘቅዝ ስለነበር ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። ሦስት ማዕዘኑ ጀርባቸው ላይ ወረደ፣ ማሽላው ከወገባቸው በላይ ዞረ። ከዚያ ግራ ጫፉን ያዙና በቀኝ በኩል ባለችው ቀዳዳ አሾልከው ሳብ አደረጉት። ያለ መርፌ ቁልፍ፣ ያለ ምንም፣ ደረታቸው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይህችን ቀዳዳ ያሰበ ሰው ብልህ ነው» አሉ እየዞሩ በመስታወት ሲያዩ። «ማን ነው?»

የአንቴና ሽቦ ማሳለፊያ ናት ልል አፌን ከፍቼ ነበር። «አዴ ሃሊማ ናቸው» አልኩ። ስማቸውን በዚያ ሳሎን ውስጥ ስጠራው ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

ቋንቋ ትምህርቱን እንደጨረስኩ ወደ ሥራ የሚመድበው መሥሪያ ቤት ተጠራሁ። ከጠረጴዛው ወዲያ ያለችው ወጣት ፈገግታዋ አያልቅም።

«ምን ሥራ ትችያለሽ?»

«ዳንቴል፣ ሹራብ።»

«እሱ ሆቢ ነው፣ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ። ሥራ ማለቴ ነው።»

«እኔም ሥራ ማለቴ ነው።»

«እይ፣ እኔ እሠራለሁ፣ እናቴ ትሠራለች፣ ወንድሜ እንኳ ካልሲ ይሠራል። እዚህ አገር ለማን ትሸጫለሽ? የጽዳት ኮርስ ግን ክፍት ቦታ አለ።»

እውነቷን ነው፤ ለነዚህ ሰዎች ሹራብ ልሽጥ ማለት መቻራ ወርዶ ቡና ልቸርችር እንደማለት ነው። ጽዳቱን ገባሁበት፣ አላፈርኩበትም። ግን ወለሉን እየወለወልኩ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ናሙናው እጄ ላይ ነው፣ አብሬው የምመልሰው የራሴ የምለው ሥራ ግን የለኝም። ለኢንገር የሠራሁት እንዳለ የተኮረጀ ነው። ምን ይዤ ነው የምመለሰው?

መንገዱን ያሳዩኝ ኢንገር ናቸው። «ዳንቴሉን አትሽጪ፣ አሠራሩን ሽጪ» አሉኝ። ለካ ኢንተርኔት ላይ የሹራብና የዳንቴል አሠራር ብቻ የሚሸጥበት ገበያ አለ፤ ሰዉ ወረቀቱን በኮምፒውተር ይገዛል፣ ክሩንና ኪሮሹን ራሱ ያመጣል፣ ራሱ ይሠራል። እኔ ግን ናሙና የነፈገች ሴት «ስስታም» በሚባልበት ሰፈር ነው ያደግሁት። ሳልጠይቅ እንዴት እሸጣለሁ? አገር ቤት ደወልኩ።

«ያ ኢንታላ! አንቺ ልጅ!» አሉ አዴ ሃሊማ፣ «ናሙና ይሸጣል እንዴ?»

«ዳንቴሉን አይደለም አዴ። አሠራሩን ነው፣ ወረቀት ላይ ጽፌ።»

«ክር የለውም?»

«የለውም።»

«ኪሮሽም?»

«እሱንም ራሳቸው ናቸው የሚያመጡት።»

«ወረቀቱን ብቻ ይገዙታል?»

«ወረቀቱን ብቻ።»

ነጋዴ ናቸው፣ ሲያሰላስሉ ይሰማኛል። «ያ አላህ! እኔ በዚህ ፀሐይ ቅጠል ተሸክሜ ስንከራተት! እሺ ስሚኝ። ስም የሌለው ዕቃ የተሰረቀ ይመስላል። ስሜን ጻፊበት፣ ማሽላውንም ጻፊ። ከዚያ ያሻሽን አድርጊ። ናሙናዬን ግን አልረሳሁም።»

መጻፉ ግን እንደ ማውራቱ አልቀለለኝም። ኢንገር እርሳስ ይዘው ይቀመጣሉ።

«በስንት የክር ሰንሰለት ነው የምትጀምሪው?»

«እስኪበቃ።»

«እስኪበቃ ስንት ነው?»

«ቴሌቪዥኑን እስኪያለብስ።»

«ታደለች! ሰው ነው የሚለብሰው!»

እኔ በዓይኔ ነው የተማርኩት፣ እጄ ያውቃል እንጂ አፌ አያውቅም። የሠራሁትን ፈታሁ፣ እንደገና ጀመርኩ፣ እያንዳንዷን ዙር ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ። ማሽላውን ከሥሩ ወደ ጫፉ ሳይሆን ከጫፉ ወደ ሥሩ ነው የምንሠራው፤ ይህን እንኳ ልብ ያልኩት ያኔ ነው። በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ምልክቶቹን መሳል ተማርኩ። ጌታቸው ከፋብሪካ መጥቶ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ፎቶ ያነሳኛል፣ ኢንገር ትከሻቸውን ያዋሱናል። ከላይ «የሃሊማ ማሽላ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም ሳልደብቅ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ይህ ልብስ መጀመሪያ የተሠራው ለቴሌቪዥን ነው፣ የሠሩትም አዴ ሃሊማ የሚባሉ የጫት ነጋዴ ናቸው፣ ቀዳዳዋም የአንቴና ናት።

የክር ሱቅ ያላት አንዲት ሴት አይታው ሱቋ ውስጥ ልታስገባው ፈለገች። «ግን ማሽላ እዚህ ማን ያውቃል? የጥድ ፍሬ በይው፣ ቶሎ ይሸጣል።»

«የጥድ ፍሬ አይደለም። ማሽላ ነው።»

«ያው ይመሳሰላል እኮ።»

«የጥድ ፍሬ ራሱን አያጎነብስም» አልኳትና ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ግን የቀረበልኝን እንጀራ ረግጬ እንደሄድኩ ነው የቆጠርኩት።

አልቀረብኝም። ቀስ እያለ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ ፎቶ መምጣት ጀመረ። አይስላንድ ያለች መምህርት በግራጫ ሱፍ ሠርታ በረዶ ላይ ቆማለች። ጃፓን ያለች አንዲት አሮጊት በሐር ክር። ካናዳ ያለች ሙሽራ በነጭ። ጀርመን ያለ ሰውዬ ደግሞ አሮጌ ወፍራም ቴሌቪዥን ከምድር ቤቱ አውጥቶ አልብሶ ላከልኝ፤ ያን ቀን ከጌታቸው ጋር እስኪያመን ድረስ ሳቅን። ስኮትላንድ ያለች ግራኝ ሴት «ቀዳዳዋን ወደ ግራ ባዛውራት ትቀየሚያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልቀየም! እንዲያውም በናፍቆት ዓይኔ እንባ ሞላ። ሁሉም አንዳች ነገር ቀይረው ነው የሚሠሩት፣ ማንም ሳይነግራቸው፤ ልክ እንደ እኛ ሰፈር። ኮራሁ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፣ ለምን እደብቃችኋለሁ?

ከዚያ የራሴን ጀመርኩ። የመቻራን የቡና አበባ በሹራብ እጅጌ ላይ አዞርኩት። የሚኤሶን አቧራ ቀለም የአንገት ልብስ አደረግሁት። የመሰላ ወረዳን የማሳ እርከን የሕፃን ኮፍያ ላይ ደረደርኩት። ዛሬ ጽዳቱን ትቻለሁ፤ በሬ ላይ ስሜ ያለበት ሰሌዳ ተሰቅሏል፣ ጠዋት እዚህ የወለድኩትን ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ ከዓለም ዳርቻ ሁሉ የሚጠይቀኝ ሰው ጽፎ ይጠብቀኛል። «ዐሥራ አራተኛው ዙር ላይ ጠፋብኝ» ይሉኛል፤ እመልሳቸዋለሁ።

የሚቀረኝ ናሙናውን መመለስ ነው። እሱ ደግሞ ወረቀት ይፈልጋል። የመኖሪያ ፈቃዴ እየታደሰ ነው፤ እስኪታደስ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ስደውል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው።

«ሂደት ላይ ነው።»

«መቼ ያልቃል?»

«ሂደቱ ሲያልቅ።»

«ሂደቱስ መቼ ያልቃል?»

«እሱም ሂደት ላይ ነው» አለኝ አንዱ፣ ቀልዱ ለራሱም ሳይታወቀው።

ባለፈው እሑድ በአይሞ ቪዲዮ ደወልኩ። የአዴ ሃሊማ ልጅ ሰሚራ ስልኩን ያዘችላቸው። ፊታቸው ጠቧል፣ ሳቃቸው ግን ያው ነው። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ስስ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል።

«አየሽው?» አሉ። «ወንዱ ልጄ አመጣው። አንድ ነገር የማይቀመጥበት ብልግና!»

«አዴ፣ ታዲያ ናሙናው ቢመጣ አሁን ምን ላይ ያለብሱታል?»

«እኔ ላይ ነዋ! ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ ሳለብስ ኖርኩ። ጠዋት ጠዋት ትከሻዬ ይበርደዋል።»

የሠራሁትን አነሳሁና ለካሜራው ዘረጋሁት። ከሱፍ ነው፣ የማሽላው ቀለም ልክ ሊታጨድ ሲደርስ ያለው ቀይ። የዘንድሮ ሥራዬ ነው፣ ለማንም አልሸጥኩትም።

«ቀዳዳዋ የታለች?» አሉ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው።

«በግራ በኩል አደረግኋት። ኪሮሽ የያዘው ቀኝ እጅዎ አልታዘዝ ብሎዎታል ስላለችኝ ሰሚራ፣ በግራዎ እንዲስቡት።»

ሰሚራ ስልኩ ተቋረጠ ብላ ነቀነቀችው። አልተቋረጠም፣ አዴ ሃሊማ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ይዘው ነበር።

«ቀየርሽው» አሉ በመጨረሻ። «ይሄ የአንቺ ነው።»

«ናሙናውንም አብሬ በፖስታ ልላክልዎት? ብርዱ ሳይገባ ይድረስ።»

«ያዋስኩት ለፖስታ ቤት ነው እንዴ? በእጅሽ ነው የሰጠሁሽ፣ በእጅሽ ነው የምትመልሺው።»

«ወረቀቱ ይለቅና፣ ጌታ ቢፈቅድ እመጣለሁ።»

«ኢንሻአላህ በይ፣ እሱ ፈጠን ይላል።»

«ኢንሻአላህ» አልኩ እኔ የሙሉ ወንጌሏ ልጅ።

«ጎሽ። እኔም እጠብቃለሁ፤ ቶሎ በይ ብቻ።»

ስልኩን ዘግቼ ናሙናውንና ቀዩን ልብስ አንድ ላይ አጠፍኳቸው፣ ከጭሮ በመጣው በዚያው ፌስታል ጠቀለልኳቸውና ሻንጣው ውስጥ አስገባሁ። ሻንጣው በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ጌታቸው ሲወጣ ሲገባ እግሩን ይመታዋል፣ አንሺው ይለኛል፣ አላነሳም።